አማርኛው ለምን ይዝረከረክብኛል?

የዛሬዋ ጠያቂያችን የጻፈችልን ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ደብዳቤዋ ረዘም ስለሚል አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ከዚራ አካባቢ አንድ የባነርና የስቲከር ማተሚያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ፎቶሾፕና ኮረል ድሮው የተማርኩት ከዩቲዩብ ነው፤ መሣሪያውን ደህና አድርጌ አውቀዋለሁ። ችግሬ ሌላ ነው። በእንግሊዝኛ ስሠራ ያምርልኛል። ያንኑ ዲዛይን ወደ አማርኛ ስቀይረው ግን ይዝረከረክብኛል። ደንበኞች ደግሞ ‹አቦ ባዶ ቦታ አትተዪ፣ የከፈልኩበት ነው› እያሉ ሁሉንም ነገር አግዝፊው ይሉኛል። በዚያ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አንድ ባነር ላይ ይፈልጋሉ። የሦስት ወር የግራፊክስ ኮርስ ልመዝገብ ብዬ አስቤ ነበር፤ ክፍያው ግን ለእኔ ቀላል አይደለም። ወይስ ከመጀመሪያውም ተሰጥኦው የለኝም? በቅርቡ ለአንድ ጁስ ቤት የሠራሁትን ባነርና አንድ የቆየ ብሮሸሬን ፎቶ አንስቼ ልኬያለሁ። እውነቱን ንገሩኝ።»

እህቴ፣ ከተሰጥኦው ልጀምር፤ ቶሎ ስለሚያልቅ። አማርኛው እንደተዝረከረከ አይተሻል አይደል? ዋናው እሱ ነው። ስንቱ ሰው ችግሩን ሳያየው አትሞ ይሰቅለዋል። የአንቺ ዐይን እየሠራ ነው። የጎደለሽ የምታዪውን ነገር ምክንያት የሚነግርሽ ሰው ነው። ዩቲዩብ ላይ ያየሻቸው ትምህርቶች ከሞላ ጎደል የተዘጋጁት ለላቲን ፊደል ነው። ለዚያ ፊደል ልክ ናቸው። ወደ እኛ ፊደል ስታመጫቸው ግን አንዳንዱ አይሠራም፤ አንዳንዱ ጭራሽ ያበላሻል።

የላክሽውን ባነር ተቀምጬ አየሁት። «ጁስ ቤት» ለሚለው በጣም ወፍራም ፎንት መርጠሻል። እሱ አልበቃ ብሎሽ ዙሪያውን በቀይ መስመር አወፍረሽዋል። ከዚያ በቢጫ ከበሽው፤ ከዚያ ጥቁር ጥላ። አሁን ፎቶውን ስልክሽ ላይ አሳንሺና ክንድሽን ዘርግተሽ እዪው። «ቤ» ላይ አተኩሪ። «ቤ»ን ከ«ቢ» የምትለየው እግሩ ሥር ያለችው ቀለበት ናት። ያቺ ቀለበት መሃሏ ተደፍኗል። ከመንገድ ማዶ ለቆመ ሰው የጻፍሽው «ጁስ ቢት» ነው። የ«ጁ»ም ነገር እንደዚሁ ነው። ወገቡ ላይ ያለችው ቅጥል ጥላው ውስጥ ገብታለች፤ «ጀ» ለመምሰል ትንሽ ነው የቀረው።

ላቲን ላይ ይህ ችግር በዚህ መጠን አይገጥምሽም። እዚያ አናባቢው ራሱን የቻለ ፊደል ነው። እኛ ጋ ግን አናባቢውን የምትሸከመው አንዲት ትንሽ ቅጥል ናት። «ሉ» ወገቡ ላይ፣ «ሊ» እግሩ ሥር፣ «ሌ» ቀለበት። እሷ ከጠፋች ቃሉ ራሱ ይቀየራል። ስለዚህ በአማርኛ ታይፖግራፊ፣ ማለትም በፊደል አቀማመጥ ሙያ፣ ከሁሉ የሚቀድመው እነዚያን ክፍተቶች ክፍት አድርጎ ማቆየት ነው። ፎንት ስትመርጪ «ሌ ቤ ሜ ሎ» ብለሽ ጻፊ። ከዚያ ሰው በሚያየው መጠን አሳንሺው። ቀለበቶቹ ከተደፈኑ ፎንቱ ለዚያ ሥራ አይሆንም፤ አንድ ደረጃ ቀጠን ያለውን ውሰጂ። ዙሪያውን የሚከበብ መስመርንም እስከነጭራሹ ብትተዪው ደስ ይለኛል። ፊደሉ ከበስተጀርባው ጋር የተጣላው የቀለም ምርጫሽ ልክ ስላልሆነ ነው፤ መድኃኒቱ ቀለሙን መቀየር ነው።

ሁለተኛው ነገር ቁመት ነው። ከላቲን ትንንሽ ፊደላት አንዳንዶቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ አንዳንዶቹ ወደ ታች ይወርዳሉ። መስመሩ በራሱ ውስጥ አየር አለው። የእኛ ፊደላት ግን አብዛኞቹ ቁመታቸው ተቀራራቢ ነው፤ መስመሩ ከላይም ከታችም ይሞላል። ሁለት ሦስት መስመር አስጠግተሽ ስትደረድሪ ድፍን ሆኖ ይታያል። እንግሊዝኛው ያማረበትን የመስመር ክፍተት ሳትነኪ አማርኛውን ስታስገቢበት የሚዝረከረክብሽ በዚህ የተነሳ ነው። ብዙ ሶፍትዌሮች በራሳቸው የሚሰጡሽ ክፍተት ከፊደሉ መጠን 120 ከመቶ አካባቢ ነው። ፊደሉ 10 ፖይንት (የፊደል መጠን መለኪያ ነው) ከሆነ መስመሩ 12 ማለት ነው። ለአማርኛ ከ140 ጀምሪ። ረጅም ጽሑፍ ከሆነ 150ም አይበዛበትም። አንድ የድሮ ብሮሸርሽን ከፍተሽ ይህን ብቻ ቀይሪ። ሌላ ምንም ሳትነኪ ልዩነቱን ታዪዋለሽ።

አንድ ቃል ማጉላት ስትፈልጊስ? እንግሊዝኛው ላይ ሁሉን በትልልቁ ፊደል ትጽፊዋለሽ ወይም ታጋድሚዋለሽ። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፤ አጋድሞ የመጻፍ ልማድም የለውም። ሶፍትዌሩ በግድ ሲያጋድመው ፊደሉ የወደቀ ይመስላል እንጂ አይጎላም። ያሉሽ መጠን፣ ውፍረት፣ ቀለምና ባዶ ቦታ ናቸው። ይበቃሉ። ፊደል መለጠጥን ግን እባክሽ ተዪ። ወደ ጎን ስትጎትቺው ቋሚዎቹ ይወፍራሉ፣ አግዳሚዎቹ እንደነበሩ ይቀራሉ። ሠሪው ተጨንቆ ያመጣጠነው ፊደል በአንድ ጉተታ ይበላሻል። ባነርሽ ላይ ስልክ ቁጥሩን እንደዚያ አድርገሽዋል።

አሁን ወደ ልምምዱ። ከሥራ ውጪ ለራስሽ ስትሠሪ ለጥቂት ሳምንታት ቀለም አትንኪ። ፎቶ የለም፣ ጥላ የለም፣ ኢፌክት የለም። አንድ ፎንት፣ ሁለት መጠን፣ ጥቁር በነጭ ላይ። ይህን የምልሽ ላስቸግርሽ ብዬ አይደለም። ቀለምና ኢፌክት ደካማ አቀማመጥን ይሸፍናሉ፤ ጥቁርና ነጭ ምንም አይሸፍንም። ከጁስ ቤቱ ባነር ጀምሪ። አሁን ላዩ ላይ የቤቱ ስም በሦስት ቋንቋ፣ «እንኳን ደህና መጡ»፣ የስምንት ጁስ ዝርዝር፣ ሁለት ስልክ ቁጥር፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ጭራሽ በርገር አለ። በባጃጅ የሚያልፍ ሰው ይህን ሁሉ ለማንበብ ያለው ጥቂት ሰከንድ ነው። ታይዋን ገበያ ውስጥ ሁሉም ነጋዴ በአንዴ ቢጣራ የማንን ትሰሚያለሽ? ስለዚህ ወረቀት ላይ ቅደም ተከተል አውጪ። አላፊው አንድ ነገር ብቻ ቢያነብ ምን ያንብብ? ቀጥሎስ? የቀረው ውስጥ ሜኑ ላይ ይሁን።

ዋናውን ከተከታዩ ቢያንስ በእጥፍ አግዝፊው። ትንሽ ብቻ ከበለጠው ታስቦበት ሳይሆን ተሳስተሽ ይመስላል። ጨርሰሽ ስታበቂ ኤ4 ላይ አትሚው፣ ግድግዳ ላይ ለጥፊው፣ ራቅ ብለሽ ዐይንሽን ጨፈን አድርገሽ እዪው። መጀመሪያ የሚታይሽ ያሰብሽው ነገር ነው? ካልሆነ ተመለሺ። ለእውነተኛው ባነር ደግሞ የማስታወቂያ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ልኬት አለ፤ ለየ3 ሜትሩ ርቀት የፊደሉ ቁመት ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን ይላል። 15 ሜትር ርቆ ለሚያነብ 12.5 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ልኬቱ የወጣው ለላቲን ስለሆነ ለአማርኛ ከዚያ ጨመር አድርጊ፤ ትንንሾቹን ቅጥሎች አስቢያቸው።

ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ ሙያ እንዳይመስልሽ። የብራና ጸሐፊ ብዕሩን ከመንከሩ በፊት ገጹን ይለካል። ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጋል። ቀዳዳዎቹን እያገናኘ ያለ ቀለም በጭረት ብቻ ያሰምራል። ጽሑፉ በሁለት ዓምድ ይሁን በሦስት የሚወሰነው ያኔ ነው። አንቺ ኮረል ላይ ጋይድላይን የምትዪው ይኸው ነው። ከዚያ ጥቁሩ ይጻፋል። ቀዩ የሚገባው ለመክፈቻ መስመሮች፣ ለቅዱሳን ስሞችና ለመሳሰሉት ብቻ ነው። ጥሩ የብራና ገጽ ስታዪ ዐይንሽ ሳትጠየቂ ወደ ቀዩ የሚሄደው ቀዩ ጥቂት ስለሆነ ነው። ገጹን ሁሉ በቀይ ቢጽፈው ኖሮ ቀይ መሆኑ ትርጉም አይኖረውም። በማተሚያ የታተመው የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም የወጣው መዝሙረ ዳዊት፣ የፊደሉን ቅርጽ የወሰደው ከእጅ ጽሑፍ ነው። ዛሬም ብዙ ፎንቶቻችን ቋሚያቸው ወፍራም፣ መጋጠሚያቸው ቀጭን የሆነው ከመቃ ብዕር ወርሰውት ነው። መቃ ቆርጠሽ ወይም ጠፍጣፋ ማርከር ገዝተሽ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በእጅሽ ጻፊ። ውፍረቱ የት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚቀጥን እጅሽ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ መጥፎ ፎንት ከሩቅ ትለያለሽ።

የእረፍት ቀንሽን አንድ ጊዜ ለሐረር ስጪው። 55 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሚኒባሱን ታውቂዋለሽ። ጀጎል ውስጥ የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም አለ። በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖችና ሌሎች የዐረብኛ ጽሑፎች ተቀምጠውበታል። ማንበብ ባትችዪ ይሻላል እንኳ እላለሁ፤ ማንበብ የማይችል ሰው ቅርጹን ብቻ ነው የሚያየው። ጽሑፉ ከገጹ ዳር ምን ያህል እንደራቀ ተመልከቺ። መስመርና መስመር መካከል ምን ያህል እንደተተወ ተመልከቺ። ወረቀትና ቀለም ዛሬ እንዳለው በማይገኝበት ጊዜ ይህን ያህል ባዶ ቦታ የተዉት እነዚያ ሰዎች አባካኝ አልነበሩም።

ከተማሽ ራሷም ትምህርት ቤት ናት። ከባቡር ጣቢያው ተነሺ፣ ከዚራን በእግርሽ እዪ፣ ደቻቱን ተሻግረሽ መጋላ ግቢ። የወደድሽውንም የጠላሽውንም ጽሑፍ ፎቶ አንሺ፤ ከእያንዳንዱ ሥር ለምን እንደወደድሽው በአንድ መስመር ጻፊ። «ያምራል» ብቻ ብለሽ አትለፊው። «ስሙ ዙሪያውን ባዶ ስለሆነ ቶሎ ተነበበልኝ» ብለሽ ጻፊ። በተለይ በቀለምና በብሩሽ የተጻፉ የቆዩ የሱቅ ጽሑፎች ስታገኚ ቁሚ። ጸሐፊው በፊደልና በፊደል መካከል ያለውን ቦታ በዐይኑ ነው ያመጣጠነው። «መ» ሰፊ ነው፣ «ነ» ጠባብ ነው፤ ለሁሉም እኩል ቦታ አልሰጠም። ይህን ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ አያደርግልሽም። ትልቅ ርዕስ ስትጽፊ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አስጠጊ፣ አርቂ።

የሦስቱ ቋንቋ ነገር እውነትም ከባድ ነው። ግን ድሬ ላይ ይህን የቻለ ዲዛይነር ሥራ አይጠፋበትም። የከተማዋን ስም ብቻ ውሰጂ። በአማርኛ 4 ፊደል ነው። በኦሮምኛ በቁቤ ስትጽፊው እየተደገሙ የሚጻፉ ፊደላት ስላሉት 12 ይሆናል። ለሁለቱም እኩል ስፋት ያለው ሳጥን ከሰጠሽ ወይ አማርኛው ይንቀባረራል፣ ወይ ኦሮምኛው ይታፈናል። ስለዚህ መጀመሪያ ረጅሙን አስገቢ። ሌሎቹን በእሱ ልክ አስተካክዪ። ሦስቱንም ከአንድ የግራ ጠርዝ አስጀምሪያቸው፤ መሃል ላይ መደርደር ርዝመታቸው ሲለያይ ያዝረከርካል። በቁጥር እኩል መሆናቸውን አትመኚ። 60 ፖይንት አማርኛና 60 ፖይንት ላቲን አብዛኛውን ጊዜ እኩል አይመስሉም። ጎን ለጎን አድርገሽ ዐይንሽ እኩል እስኪላቸው አስተካክዪ። ውፍረታቸውም ይቀራረብ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ከላቲኑ ኖቶ ሳንስ ጋር ካጣመርሽ ግማሹ ድካም ይቀልልሻል፤ አብረው እንዲሄዱ የተሠሩ ናቸው። እና አደራ፣ አንዱን ቋንቋ አግዝፈሽ ሌላውን ከሥር በትንሹ አትወትፊው። ያ ጽሑፍ የአንድ ሰው የእናት ቋንቋ ነው። ጁስ ሊጠጣ ሲመጣ ያየዋል።

ደንበኛሽን ደግሞ ተረጂለት። ባነር የሚሸጠው በካሬ ነው። በካሬ የከፈለ ሰው ባዶ ቦታ ሲያይ ገንዘቡ የፈሰሰ ይመስለዋል። ስለ ዲዛይን ሕግ ብታስረጂው አይሰማሽም፤ መስማትም የለበትም። ሥራ ከመጀመርሽ በፊት «ሰው አንድ ነገር ብቻ ቢያስታውስ ምን ያስታውስ?» ብለሽ ጠይቂው። መልሱን እሱ ይናገር፤ አንቺ ጻፊው። ከዚያ ሁለት አማራጭ በኤ4 አትመሽ አሳዪው፤ አንዱ እሱ ያለው፣ አንዱ የአንቺ። መንገድ ማዶ ወስደሽ ያዢለትና አንብብ በዪው። ብዙው ሰው ራሱ የሚነበበውን ይመርጣል። አንዳንዱ አይመርጥም። እሱ የፈለገውን ሥሪለት፣ ክፍያሽን ተቀበዪ፣ የአንቺን ለማሳያሽ አስቀምጪ።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ፤ ለድሬ ሰው የግድ ነውና። የከተማው የቆዩ ባነሮች ፊታቸው ሰማያዊ ሆኖ አይተሻል? ፀሐይ ቶሎ የምትበላው ቢጫውንና ማጀንታ የሚባለውን ደማቅ ሮዝ ቀለም ነው። ሰማያዊውና ጥቁሩ ይቆያሉ። ቀይ የሚታተመው ደግሞ ከማጀንታና ከቢጫ ተደርቦ ነው። ስለዚህ ቀይ ጽሑፍ በቢጫ ላይ የሠራሽለት ደንበኛ ዋናውን መልእክቱን ቀድሞ ለሚጠፋው ቀለም ሰጥቷል ማለት ነው። ውጭ ለሚሰቀል ነገር ስሙን በጥቁር ወይም በጥቁር ሰማያዊ ጻፊ። ቀዩንና ቢጫውን ቢደበዝዝ ለማይጎዳው ቦታ ተዪው።

ፎንቶችን በተመለከተ አታከማቺ። ሁለት ፎንት አንድ ዓመት ይበቃሻል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከስስ እስከ በጣም ወፍራም ድረስ አለው። ለረጅም ጽሑፍ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ደህና ነው። ሦስቱም በነጻ ይወርዳሉ፣ ለንግድ ሥራም ይፈቀዳሉ። ዩኒኮድ ከሚባለው የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል ሥርዓት በፊት የተሠሩ የድሮ የግዕዝ ፎንቶች ግን ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት። ፋይሉ ፎንቱ ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲሄድ የማይነበብ የላቲን ድርድር የሚሆነው ስለዚህ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አለ። ለማተሚያ ከመላክሽ በፊት ጽሑፉን ወደ ከርቭ፣ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ፣ ቀይሪ፤ ግን ሊታረም የሚችለውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጪ። አራት ነጥብም አራት ነጥብ ይሁን። ብሮሸርሽ ላይ ሁለት ነጥብ ሁለቴ መትተሽ «፡፡» አድርገሻል። «።» ራሱን የቻለ ምልክት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አግዝፈሽ እዪያቸው፤ የነጥቦቹ ርቀት ይለያያል። ትንሽ ነገር ነው፤ ግን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ኮርሱን በሚመለከት፣ ገንዘቡን ለጊዜው ያዢው። መጀመሪያ የጥቁርና ነጭ ልምምዱን ሥሪ። ከዚያም ልትመዘገቢ ከፈለግሽ ከመክፈልሽ በፊት አስተማሪውን አግኚው። የምታስተምረው ምንድን ነው በዪው። የሶፍትዌር ስም ብቻ ከደረደረልሽ እሱን አንቺ አለሽ፤ ተመለሺ። የተማሪዎቹን ሥራ አንድ በአንድ ተቀምጦ ያርማል ወይ? የአማርኛ ጽሑፍ አቀማመጥ ለብቻው ያስተምራል ወይ? የቀድሞ ተማሪዎቹ የሠሩትን ባነርና ብሮሸር አሳየኝ በዪው። አማርኛው ላይ መስመሮቹ አየር ካላቸው፣ ፊደሎቹ ካልተለጠጡ፣ ቀለበቶቹም ክፍት ከሆኑ ተመዝገቢ።